የአያታችሁን የዘመቻ ታሪክ እንዴት መቅዳት ትችላላችሁ?

አያቴ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ጎንደር አዘዞ ያለው ቤታቸው ውስጥ፣ ከአልጋቸው ራስጌ፣ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ወጣት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ልጆች ሆነን ስንጠይቃቸው «ቃኘው ነው» ይሉና ዝም ይላሉ። ቃኘው ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው ጦር ስም ነው። ዝምታው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። ለደቡብ ኮሪያ የተዋጋ ሰው ገድሉን ጮክ ብሎ የሚያወራበት ዘመን አልነበረም። አያቴ ፎቶዋን ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ደብቀዋት ኖረዋል።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሲሄድ 20 ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ዘጠናን አልፏል። በ1950ዎቹ ኮንጎ የዘመተውም ሰማንያን ተሻግሯል። ስለዚህ «ለጥምቀት ስመጣ እቀዳቸዋለሁ» አትበሉ። በዚህ ሳምንት ሂዱ።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ

በመጀመሪያው ቀን ስልክ አታውጡ። ቡና አስፈሉ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ በግልጽ ንገሯቸው። «አባባ፣ የዘመቻውን ነገር ለልጆቼ ላስቀምጠው ብዬ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» እምቢ ካሉ አትጫኑ። ሌላ ቀን ተመለሱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወሳኝ ነው። እኔ የጀመርኩት «ስንት ሰው ገደሉ?» ብዬ ነበር። አያቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡና «ቡናው አልደረሰም እንዴ?» አሉ። በቃ፣ የዚያ ቀን ወሬ እዚያ ላይ አለቀ። እንደገና እስኪከፍቱልኝ ሁለት ወር ፈጀ።

ከትንንሽ ነገር ጀምሩ። ከቤት ሲወጡ እናታቸው ምን አሉ? ጫማው ልካቸው ነበር? ምን ይበሉ ነበር? በጾም ጊዜስ? የመጀመሪያው ሻለቃ ወታደሮች እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ነው የሄዱት። ስለ ባሕሩ ጠይቋቸው። አያቴ «ከጣና ሌላ ውኃ አላውቅም ነበር፤ ዳር ያጣ ውኃ ሳይ ሆዴ ባባ» ብለው ጀምረው ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አላቆሙም።

ስለ ብርዱ ስጠይቃቸው ደግሞ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ። «እኔ እኮ የደባርቅን ብርድ የማውቅ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ጠመንጃው እጅህ ላይ ይጣበቃል። ስትለቀው ቆዳህን ይዞ ይቀራል።» ይህን እያሉ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከሲኒው ላይ ያነሱ ነበር። እጃቸውን ድምፅ መቅጃ አያስቀረውም። እናንተም እንዲህ ያለውን ነገር ስታዩ ማታውኑ ማስታወሻ ላይ ጻፉት።

ዝም ሲሉ ዝም በሉ። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩሉ፤ የወደቀ ጓደኛቸው ስም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዝምታው ቀጥሎ ነው። ሽለላ ከጀመሩም አታቋርጡ። ጎንደሬ ሽማግሌ በተራ ወሬ የማይናገረውን በሽለላ ይናገረዋል።

ቀረጻው

ተራ ስልክ ይበቃል። በበረራ ሞድ አድርጉት፤ አለበለዚያ መሃል ላይ ስልክ ይደወላል። በታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከደረታቸው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሙቀጫው ሥራውን ይጨርስ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አዘዞ እንደኛ የምትኖሩ ከሆነ አውሮፕላን ሲያልፍ ጠብቁና ጥያቄውን ድገሙት። ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውንና የእሳቸውን ሙሉ ስም ተናገሩ። ከ40 ደቂቃ በላይ አታቆዩዋቸው፤ ሽማግሌ ይደክማል።

ቀኑንና ቦታውን ማጣራት

ሲናገሩ አታርሟቸው። ማጣራት በኋላ ነው። መጀመሪያ የትኛው ቃኘው እንደነበሩ ጠይቁ። አንደኛው በ1943፣ ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ዓ.ም. ነው ኮሪያ የደረሰው። ከዚያ ሻምበላቸውንና የመቶ አለቃቸውን ስም ጠይቁ። ቀን ከጠፋቸው በበዓል ጠይቁ፤ «ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ?» ሲባሉ ትዝ ይላቸዋል።

የውጭ ወረቀት ላይ ያለው ዓመት ከእኛ ጋር አይገጥምም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ቀንሱ። ተኩስ አቁም የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። «ተኩሱ ሲቆም የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ነገር ያስተካክላል። የቦታ ስሞችን እሳቸው እንደሚጠሩት ጻፉ፤ ካርታ ላይ የምታገኙትን ከጎኑ።

በጽሑፍ ስትገለብጡትም አማርኛቸውን አታስተካክሉ። የአያቴ ቃል በጋዜጣ አማርኛ ሲጻፍ የማላውቀው ሰው ይሆንብኛል።

ፎቶና ወረቀት

ፎቶዎቹን በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሷቸው። ጀርባቸውንም አትርሱ፤ ስምና ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። በእስክሪብቶ አትጻፉባቸው፤ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። የድሮ ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተለበጠ አይመለስም። ሜዳይ አታስወልውሉ። ሁሉንም ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቅጂ ከጎንደር ውጭ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶውን በፋይል መልክ ላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

በመጨረሻ፣ ሴት አያታችሁንም ቅዱ። ስንቱ ቤት ነው ዘማቹን ብቻ ጠይቆ የሚነሳው! እማማ ያኔ የአያቴ እጮኛ ነበሩ። ስጠይቃቸው «አንዲት ደብዳቤ መጣች፤ እኔ ፊደል ስለማላውቅ ቄሱ አነበቡልኝ» አሉኝ። ደብዳቤዋ የት እንደደረሰች ስጠይቃቸው ተነስተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። አያቴም እስከዚያ ቀን ድረስ መኖሯን አያውቁም ነበር።