ትንሹ ውሻችሁ ወደ ውስጥ ሲያስነጥስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ውሻው ደህና ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንገቱን ያሰግጋል፣ የፊት እግሮቹን ከፈት ያደርጋል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ከዚያ በአፍንጫው አየር እየሳበ ያንኮራፋል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ። ቤተሰቡ ይደነግጣል። አንዱ "አጥንት አንቆት ነው" ይላል፣ ሌላው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ሊከት ይሮጣል።

እባካችሁ ጣታችሁን አትክተቱ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ መታነቅ ሳይሆን ወደ ውስጥ ማስነጠስ ነው። ከአፍንጫው በስተኋላ፣ ከላንቃው በላይ ያለው ክፍል ሲቆጣ ውሻው አየር በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። እንደ ቺዋዋና ዮርክሻየር ባሉ ትናንሽ ውሾች፣ እንደ ፐግና ሺትዙ ባሉ አፍንጫ አጭሮችም ላይ ይበዛል።

በምን ይለያል?

ሲያበቃ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ጅራቱን እየቆላ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ ተረጋጉ። የታነቀ ውሻ ግን ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉን በእግሩ ይቧጥጣል፣ ድዱ ይገረጣል ወይም ይጠቁራል። እሱን ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። አየር የሚስብ ሳይሆን እንደ ዝይ የሚጮህ ደረቅ ሳል ከሆነ ደግሞ የአየር ቧንቧው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

በዚያች ደቂቃ

አትጩሁ፤ ድንጋጤያችሁ ወደ እሱ ይጋባል። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች በቀስታ ዳብሱት። አንድ ጊዜ ከዋጠ ብዙውን ጊዜ ያቆማል። ካላቆመ የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ሸፈን ማድረግ እንዲውጥ ያግዘዋል። አፍንጫ አጭር ለሆነ ወይም በድንጋጤ ለሚናከስ ውሻ ግን ይህንን ተዉት። ውኃ በግድ አትጋቱት፣ ትን ይለዋል።

ምክንያቱን መፈለግ

እኛ ቤት መጀመሪያ የምጠረጥረው ጭስን ነው። ቡና ሲፈላ ከሰሉም ዕጣኑም ያሉት መሬት ላይ ነው፤ የትንሽ ውሻ አፍንጫም እዚያው ከፍታ ላይ ነው። በርበሬ ሲቁላላ እኛ ራሳችን እናስነጥስ የለ? ቡናውን መተው አያስፈልግም። ከሰሉ ከመያያዙ በፊት ውሻውን ሌላ ክፍል ወይም ግቢ አውጡት፣ መስኮት ክፈቱ። ለውጥ ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት። ሽቶ፣ የሚነፋ የክፍል ማዓዛ፣ ሲጋራና የመጥረጊያ አቧራም እንደዚሁ ናቸው።

ሁለተኛው አንገት ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ነው። ውሻው ሲጎትት ጉሮሮው ይጨመቃል። ሃርነስ በሚባለው፣ በደረት በሚታሰረው ቀይሩት። ለትንሽ ውሻ ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም።

እንግዳ ሲመጣ በደስታ ከሆነ እስኪረጋጋ ጠብቁት። ምግብ ሲስገበገብ ከሆነ ምግቡን ከፋፍላችሁ ስጡት።

ሣር ማኘክ የሚወድ ከሆነና ችግሩ በአንድ ጊዜ ብሶ ከጀመረ የሣር ቅጠል ከላንቃው ጀርባ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚያወጣው ሐኪም ነው። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፉ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮችም አሉ፤ መድኃኒታቸውን የሚያዝም እሱ ነው። ገጠር ሄዶ ከምንጭ ወይም ከኩሬ ውኃ የጠጣ ውሻ አፍንጫው ከደማ ደግሞ አልቅት ገብቶበት እንደሆነ ይታይ።

ሐኪም ጋ የሚያስኬደው

ከአፍንጫው ደም ወይም መግል ሲወጣ፣ በተለይ ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ። በየቀኑ እየደጋገመው ሲሄድ። ደቂቃዎች ቆይቶ አልቆም ሲል። ካረጀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጀምረው። ምግብ ሲተው ወይም ቶሎ ሲደክም። ራሱን ከሳተ ወይም ድዱ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

እስከዚያ ቤት ያለውን የሰው መድኃኒት አትስጡት። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና የጉንፋን ክኒኖች ትንሽ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

ክሊኒክ ስትደርሱ ውሻው ደህና ሆኖ ይገኛል፣ ሐኪሙም የሚያየው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሲጀምረው በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። በዚያ ሰዓት ምን ይጨስ እንደነበር፣ ምን እየበላ እንደነበርና ምን ያህል እንደቆየም ጻፉ።