የመኪና ኢንተርኔት በድሬዳዋና በሐረር፦ ምን ላይ ይከፈላል፣ ምን ላይ አይከፈልም

በቅርብ የገባ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ስትቀመጡ ስክሪኑ ላይ የሙዚቃውም፣ የቪዲዮውም፣ የካርታውም መተግበሪያ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ሻጩም «ኢንተርኔት አለው» ይላል። አለው፤ ግን ኢንተርኔቱ ቻይና ቀርቷል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የድሬዳዋ ሰፈሮች ከዚራም ሳቢያንም ላይ ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 ማየት የተለመደ ሆኗል። አብዛኞቹ የተሰሩት ለቻይና ገበያ ነው። ውስጣቸው የተቀበረው ሲም የቻይና ኦፕሬተር ነው፣ የመተግበሪያው አካውንት በቻይና ስልክ ቁጥር ይከፈታል፣ የጉግል አገልግሎትም የላቸውም። የአገር ውስጥ ሲም አውጥታችሁ እዚያ ቦታ ልትተኩ አትችሉም፤ ሲሙ ከመኪናው ሞጁል ጋር የታሰረ ነው። ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ አገልግሎቱ የሚሸጠው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት 2014 የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ በርካታ መኪኖች እዚያው አገራቸው ላይ ግንኙነታቸው ተቋርጧል። ስለዚህ «የመኪናውን ኢንተርኔት አሳድሳለሁ፣ ይህን ያህል ብር ክፈለኝ» የሚል ሰው ቢመጣ አትክፈሉ። ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት እናንተ በምትቆጣጠሩት የኢትዮጵያ ሲም ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ለመኪናው ኢንተርኔት ያስፈልገዋል?

የምትፈልጉት ሙዚቃ፣ ፖድካስት ወይም ስብከትና መንዙማ ብቻ ከሆነ አያስፈልገውም። ስልኩ በራሱ ዳታ ያጫውታል፣ መኪናው በብሉቱዝ ያሰማል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል።

ብሉቱዝ የሌለው አሮጌ መኪና ከሆነ፣ የሐረር ፔጆ 404ም ቢሆን፣ የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ፣ የስልኩን ድምፅ ለመኪናው ሬዲዮ የሚያሰራጭ የኤፍ ኤም ትራንስሚተር ይበቃል። ጣቢያ የሌለበት ፍሪኩዌንሲ ፈልጉለት እንጂ ከሬዲዮ ጣቢያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ይንጫጫል። ከጃፓን የገባች ቪትዝ ከሆነች ሌላ ነገር አለ፦ የጃፓን ሬዲዮ ከ76 ጀምሮ በአብዛኛው እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ትራንስሚተሩን ከ90 በታች አድርጉት።

ከጃፓን የመጣ የቶዮታ ቴፕ ላይ የካርታውን ኤስዲ ካርድ «ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ አታውጡ። ካርዱ ሲወጣ ሬዲዮውም ብሉቱዙም አብሮ የሚዘጋባቸው ሞዴሎች አሉ። ባትሪ ሲነቀል ደግሞ የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃሉ።

ስንት ዳታ ይበላል?

ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ድምፅ በ160 ኪሎቢት በሰከንድ ሲጫወት በሰዓት 72 ሜጋባይት ይወስዳል። ጥራቱን ወደ 320 ከፍ ካደረጋችሁት 144 ይሆናል፣ ወደ 96 ዝቅ ካደረጋችሁት 43 አካባቢ። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደንገጎን ተራራ መውጣቱና አወዳይ ላይ ያለው ግርግር ተጨምሮ ከሰዓት በላይ ይሄዳል። ደርሶ መልስ 150 ሜጋባይት ብትይዙ፣ በወር 26 ቀን የሚመላለስ ሰው 4 ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል። በመኪና ስፒከር፣ ያውም መንገድ ላይ፣ 160ንና 320ን የሚለይ ጆሮ ብርቅ ስለሆነ ለ320 ዳታ ማፍሰስ ብክነት ነው።

ቪዲዮ ሌላ ዓለም ነው። በ360 ጥራት በሰዓት 300 ሜጋባይት፣ በ720 ከ1 እስከ 1.5 ጊጋባይት ያህል ይሄዳል። ልጆች ከኋላ ሆነው ካርቱን ካዩ የወሩ ጥቅል ሁለት ቅዳሜ አይሻገርም። ካርታ ግን ብዙ አይበላም፤ ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅጅጋ ያለውን ካርታ ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዳችሁ ብትይዙ ከነጭራሹ ዳታ ሳትከፍቱ ትሄዳላችሁ።

ሲሙና ክፍያው

ሁለት ኦፕሬተር አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ስለሆነ የ07 ቁጥር ለከተማው አዲስ አይደለም። የትኛው ይሻላል የሚለውን ሰው በመጠየቅ አትወስኑ። የምትመላለሱበትን መንገድ ሁለቱንም ሲም ይዛችሁ አንድ ቀን ሂዱና አዴሌና ሐረማያ ላይ የትኛው እንደሚይዝ እዩ። ጀጎል ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ መኪናው በሚያድርበት ቦታ ሞክሩት፤ በወፍራም ግንብ መሐል ያለ ጠባብ መንገድ ላይ የሚገኘው ሲግናል ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከሚገኘው የተለየ ነው።

ጥቅሉን በቴሌብር ወይም በኤም-ፔሳ ግዙ። በኢትዮ ቴሌኮም *999# ደውላችሁም ይሆናል፤ ቀሪ ሒሳብ በ*804# ይታያል። ለመኪና የሚሻለው ወርሃዊ ጥቅል ነው። ዕለታዊው ርካሽ ይመስላል እንጂ መኪናው ቆሞ ከዋለ ያልተጠቀማችሁበት ዳታ በዚያው ቀን ይቃጠላል።

ሲሙን ማይፋይ (ሲም የሚይዝ ትንሽ ተንቀሳቃሽ የዋይፋይ ዕቃ) ወይም ቴፕ ውስጥ ልትከቱት ከሆነ ለብቻው ሲም አውጡለት፣ በራሳችሁ መታወቂያ። ማይፋይ በአብዛኛው *999# መደወል ስለማይችል ጥቅሉን ከስልካችሁ ሆናችሁ «ለሌላ ቁጥር» በሚለው ትገዙለታላችሁ። «ጥቅልዎ እያለቀ ነው» የሚለው መልእክትም ለእናንተ ስልክ አይመጣም፤ ማይፋዩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከማይፋዩ ዋይፋይ ጋር ተገናኝታችሁ በብራውዘር 192.168.8.1 (በብዙ የሁዋዌ ዕቃዎች) ወይም 192.168.0.1 (በብዙ የዜድቲኢ ዕቃዎች) ስትከፍቱ መልእክቶቹን ታነባላችሁ። እዚያ ሲም ላይ የጥቅል እንጂ የካርድ ሒሳብ አታስቀምጡ፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ቀሪው ብር ሳታውቁት ይሄዳል።

ሆትስፖቱ፣ ሰው የሚቸገርበት

መኪናው ስክሪን ላይ ዩቲዩብ ወይም ካርታ ይሥራ ካላችሁ ከስልክ ሆትስፖት መስጠት፣ ማለትም የስልኩን ዳታ በዋይፋይ ለመኪናው ማካፈል፣ ግድ ነው። በወሬ ቀላል ነው፤ ሲሞክሩት ግን ግማሹ ሰው «መኪናው አይሠራም» ብሎ ቴክኒሻን ጋ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

መኪናው የስልኩን ስም ጨርሶ ካላየው ስልኩ በ5 ጊጋኸርትዝ እያሰራጨ ነው ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ የሆትስፖቱን ባንድ ወደ 2.4 ቀይሩ። አይፎን ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን አብሩና መኪናው እስኪገናኝ ድረስ ከሆትስፖቱ ገጽ አትውጡ። ስሙን እያየ የይለፍ ቃሉን ካልተቀበለ ሴኩሪቲውን ከደብልዩፒኤ 3 ወደ ደብልዩፒኤ 2 አውርዱት። የሆትስፖቱን ስምና የይለፍ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጉ፤ የአማርኛ ስም የሰጣችሁት ስልክ ቻይናው ስክሪን ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት እምቢ ካለ የስልኩ ሰዓት ቆጣሪ ነው። አንድሮይድ ስልኮች የተገናኘ ዕቃ ካጡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሆትስፖቱን ራሳቸው ያጠፋሉ። ቡና ልትጠጡ ወርዳችሁ ስትመለሱ ጠፍቶ ይጠብቃችኋል። ማጥፊያውን «ኔቨር» ላይ አድርጉት፣ ከመኪና ስትወርዱ ግን በእጃችሁ ማጥፋት ልመዱ።

ተገናኝቷል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው፣ ነገር ግን አንድም መተግበሪያ አይከፍትም? ቀኑን እዩ። እዚህ አገር በጣም የተለመደውና ማንም የማይጠረጥረው ጥፋት ይህ ነው። ባትሪ ሲነቀል የስክሪኑ ቀን ይጠፋል፤ ባለቤቱ ሲያስተካክል ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። መኪናው 2017ን ሲያይ እንደ ፈረንጅ 2017 ነው የሚቆጥረው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። መተግበሪያዎች ከሰርቨር ጋር ሲገናኙ የደህንነት ሰርተፍኬቱ የሚጸናበትን ቀን ያመሳክራሉ። በመኪናው ሰዓት ሰርተፍኬቱ ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ሁሉም ይዘጋሉ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ፣ ሰዓቱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ 8፡00 በሉ፣ የሰዓት ክልሉን ከቤጂንግ አውጥታችሁ ግሪንዊች ሲደመር 3 ላይ አድርጉት።

ከሠራ በኋላ ደግሞ ዳታ የሚበላው ጅብ አለ፣ የሐረሩ ሳይሆን የስክሪኑ። መኪናው ዋይፋይ ሲያገኝ የቤት ኢንተርኔት ይመስለዋል፤ ዝመናውን፣ የመተግበሪያ ማሻሻያውን፣ ካርታውን ሁሉ ማውረድ ይጀምራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ ዝመናን ዝጉ፣ ስልካችሁም ላይ ለሆትስፖቱ የዳታ ጣሪያ ካለው አስቀምጡለት። ቋንቋው በቴክኒሻን ወደ እንግሊዝኛ የተቀየረ ወይም መተግበሪያ በጓሮ በር የተጫነበት መኪና ከሆነ የሲስተም ዝመና የሚል መልእክት ሲመጣ አትቀበሉ። የተጫነው ሁሉ ሊጠፋና ስክሪኑ ወደ ቻይንኛ ሊመለስ ይችላል፤ ለማስተካከል ደግሞ ዳግም ትከፍላላችሁ።

ማይፋይና አንድሮይድ ቴፕ

ሹፌሩ የሚቀያየር መኪና ከሆነ፣ የሥራ መኪና ወይም ሚኒባስ፣ ማይፋይ ከስልክ ይሻላል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስትገዙ ሲማችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ገጽ ሳይከፍት አትክፈሉ። ለአንድ አገር ኦፕሬተር የተቆለፈ ወይም የእኛን 4ጂ ባንድ የማይዝ ዕቃ ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። ሲሙን አንብቦ ኢንተርኔት እምቢ ካለ፣ ስልካችሁ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት ኔም» የሚለው ስር ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገልብጡለት።

ድሬዳዋ ላይ የማይፋይ ገዳዩ ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ማይፋይ ባትሪው ያብጣል፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ እሳት ነው፣ ጀርባው ሲነሳ ካያችሁ አትሰኩት። ስልክም ቢሆን ከፊት መስታወት ስር ሲቀመጥ ቻርጅ ማድረጉን ያቆማል፣ ሆትስፖቱም ይወድቃል። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የመጠቀሚያ የሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት የድሬ ጥላ ራሱ እዚያ ይደርሳል። ስልኩን ከኤሲው አፍ ፊት አንጠልጥሉ፣ ማይፋዩን ስትወርዱ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

ሲም የሚይዝ አንድሮይድ ቴፕ የምታስገጥሙ ከሆነ ከኤሌክትሪሺያኑ አጠገብ ቁሙና ሁለት ነገር ተመልከቱ። ቢጫው ሽቦ ቁልፍ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ካለበት መስመር፣ ቀዩ ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋር መያያዝ አለበት። ሥራ ለማሳጠር ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠመዝዝ አለ፤ ያኔ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል፣ ዳታውንም ባትሪውንም ይጨርስና ጠዋት መኪና ግፉኝ ትላለች። ሁለተኛው የ4ጂ አንቴናው ነው። ቀጭኗን ሽቦ ጠቅልሎ ከቴፑ ጀርባ ብረት ላይ ከተዋት ከተማ መሐል ቆማችሁ ሲግናል ታጣላችሁ። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ስር ተዘርግታ፣ ከብረት ርቃ ትለጠፍ።

ቪዲዮ በጉዞ ላይ እንዳይታይ ቴፑን ከእጅ ፍሬን ጋር የሚያገናኝ ሽቦ አለ። እሱን በአቋራጭ እንዲያልፍላችሁ አትጠይቁ፤ ደንገጎን እየወረዱ ክሊፕ የሚያይ ሹፌር የሚያደርሰው ጉዳት ከዳታ ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ለስፖቲፋይና ለኔትፍሊክስ መክፈል

ኢንተርኔቱን በብር ገዛችሁ፤ የውጭ መተግበሪያ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚሸጠው፣ የተለመደው የብር ኤቲኤም ካርዳችሁም እዚያ አይሠራም። ቀጥተኛው መንገድ ባንካችሁ ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ይሰጥ እንደሆነና ምን እንደሚጠይቅ ጠይቃችሁ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ማድረግ ነው፤ ሆኖም «ፋሚሊ» የሚባለው ዕቅድ በአንድ አድራሻ ለሚኖሩ የተዘጋጀ ስለሆነ አንድ ቀን ሊያስወጣችሁ እንደሚችል እያወቃችሁ ግቡ።

ቴሌግራም ላይ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው «የዓመት ፕሪሚየም» አብዛኛው ለብዙ ሰው የተሸጠ አንድ አካውንት ነው። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን በቀየረ ቀን ያበቃል፣ ብር መላሽም የለም። የግድ ከሞከራችሁ የራሳችሁን ጂሜይልና የይለፍ ቃል አትስጡ፣ የቴሌብር ፒን የሚጠይቃችሁን ሰው ደግሞ ወዲያውኑ ብሎክ አድርጉት።

የደንገጎው ቀዳዳ

ተራራው ስር ሲግናል ይመጣል ይሄዳል፣ ቀጥታ የሚጫወት ነገርም መጠምዘዣው ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ የመንገዱን ሙዚቃ ማታ ቤት ዋይፋይ ላይ ወይም በሌሊት ጥቅል አውርዱ። ከማውረጃው በኋላ ስልኩን ኤርፕሌን ላይ አድርጋችሁ አንዱን ዘፈን ክፈቱት፤ ከተጫወተ በእውነት ወርዷል። ፍላሽ ላይ የምትገለብጡ ከሆነ ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ይሁን፤ ብዙ ቴፕ ሌላውን አያነብም።

መኪናውን የምትሸጡ ቀን ሲማችሁን አውጡ፣ ከስክሪኑ ላይ የጉግልና የዩቲዩብ አካውንታችሁን አስወጡ፣ የተጣመሩ ስልኮችን ሰርዙ። ያገለገለ የምትገዙም ከሆነ የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ከስልኩ መተግበሪያ ላይ ሲያወጣ ዓይናችሁ እያየ ይሁን፤ ካላወጣ፣ ግንኙነቱ ገና ካልተዘጋ መኪናው የት እንዳለ ሊያይ፣ አንዳንዱም በር ሊከፍት ይችላል።