ያስተማሩንን ሲስተሮች ለመጠየቅ ስትሄዱ

በካቶሊክ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ያረጁ ሲስተሮቻቸውን፣ ማለትም ያስተማሯቸውን መነኮሳይያት፣ መጠየቅ ሲያስቡ፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ቀን ድግስ ያልቃል። ሃያ ሰላሳ ሰው ኬክና አበባ ይዞ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ለሰማንያ ዓመት አዛውንት ይህ ድካም ነው። በየወሩ ሦስት ሰው፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ ቢሄድ እጅግ ይሻላል።

መጀመሪያ ሲስተሮቹ አብረው ለሚኖሩበት ቤት ኃላፊ ሲስተር ደውሉ። የጸሎት፣ የምግብና የእረፍት ሰዓታቸውን፣ እንዲሁም ስኳር ወይም ጨው የተከለከለች እንዳለች ጠይቁ። ከምሳ በኋላ ስለሚያርፉ፣ አመሻሽ ላይም የማታ ጸሎት ስላለ፣ ብዙ ጊዜ የሚመቸው ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ከዋሽንግተን የምትደውሉ ደግሞ ልብ በሉ፦ እናንተ ዘንድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ 10 ሰዓት ነው፤ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች ግን 11 ሰዓት ይሆንና ጸሎት ላይ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ፌብሩዋሪ 2 ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካቶሊካውያን ስለ መነኮሳትና መነኮሳይያት የሚጸልዩበት ቀን ስለሆነ ቤቱ እንግዳ ሊበዛበት ይችላል። እናንተ በሳምንቱ ሂዱ።

ሲስተሮች የድህነት መሐላ ስላለባቸው ስጦታ ሁሉ የማኅበሩ ነው። ለአንዷ ብቻ ውድ ነገር ይዞ መሄድ እሷንም ያስጨንቃል። ገንዘብ ካዋጣችሁ በቤቱ ሒሳብ አስገቡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ዕቃ ከሆነ የሚያስፈልገውን ጠይቃችሁ ግዙ፦ ሳሙና፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ ሶሉ የማያንሸራትትና ተረከዙ የተዘጋ የቤት ጫማ። ዳይፐር ስትገዙ የወገብ ልኩን በሴንቲሜትር ያዙ፤ የሰፋ ያፈሳል፣ የጠበበ ቆዳ ይልጣል።

የማዳመጫ መሣሪያ ባትሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ ግን ቁጥሩ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ማሸጊያው ላይ ያለው ቀለም ቁጥሩን ይነግራችኋል፦ ቢጫ 10፣ ቡኒ 312፣ ብርቱካናማ 13፣ ሰማያዊ 675። እነዚህ ባትሪዎች የሚሠሩት በአየር ነው። ትንሿን ተለጣፊ ከላጣችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር አስነኳቸውና ክተቱ። ተለጣፊውን መልሶ መለጠፍ ባትሪውን አያድነውም፤ ከተላጠ ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ «ላዘጋጅላቸው» ብላችሁ ሁሉንም አትላጡ።

ቡና ማፍላት ደስ ይላቸዋል። ቄጠማ ግን አትጎዝጉዙ፤ እርጥብ ሣር ያንሸራትታል፣ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ ዳግም መራመድ ከባድ ነው። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ ውጭ፣ በረንዳ ላይ አፍሉት። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። አስም ያለባት ካለች ዕጣኑ ይቅር። ጾም መሆኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስትገቡ «ሲስተር፣ አስታወሱኝ?» አትበሉ፤ ማስታወስ ያቃታት ታፍራለች። ይልቁንስ «እኔ እገሌ ነኝ፣ በ1978 ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውኛል» በሉ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ መስኮቱ ፊታችሁን እንዲያበራው አድርጋችሁ፣ ረጋ ባለና ወፈር ባለ ድምፅ ተናገሩ። በእርጅና መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ መጮህ አያሰማም። ፎቶ ያለ ፈቃዳቸው አታንሱ፤ የታመመችውን ጭራሽ አታንሱ።

በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አትክልቱ ቦታ ስትወስዷቸው ፍሬኑን ሳትይዙ አታስነሷቸው፤ የእግር ማሳረፊያውንም አስቀድማችሁ እጠፉት። ቁልቁለት ላይ ወንበሩን አዙራችሁ፣ ጀርባችሁን ወደ ታች ሰጥታችሁ ውረዱ። ፊት ለፊት ከተነዳ ሲስተሯ ወደፊት ልትወድቅ ትችላለች። የእግር ጥፍር አትቁረጡ፤ ስኳር ላለባት ትንሽ ጭረት ቁስል ይሆናል። መልእክት መጻፍ፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ የስልኩን ፊደል ማተለቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

ጉንፋን ከያዛችሁ ቅሩ። ከመውጣታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ቀን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ያን ቀን ካልተመቻችሁም በጠዋቱ ደውላችሁ ንገሩ፤ ለብሰው በረንዳ ላይ ይጠብቃሉና።