ወርክስቴሽኑ ለምን ይጮሃል? ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት

በገጣጠምኩት ወርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር) የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም የተቀናበረውን ወደ ፋይል ሳወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ የተከፈተ ነው የመሰለኝ። ሳልውል ሳላድር የኮምፒውተሩን ዋና ቺፕ (ፕሮሰሰሩን) የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ኩለር ገዛሁ። ጩኸቱ በረደ፤ አንድ ወፍራም ጉርምርምታ ግን አልለቀቀኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኩለሩን ስጠረጥር ከረምኩ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ሆኖ ተገኘ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ያንን ንዝረት የኬዙ ቆርቆሮ ተቀብሎ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ከሥሩ ላስቲክ አደረግኩለት፣ ዝም አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጯሂውን ለዩ። የኬዙን ጎን ክፈቱ፤ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሉና አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ሌላውን ወደ እያንዳንዱ ፋን አስጠጉ። ክንፉን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ግቡና የፕሮሰሰሩን ፋን ለጥቂት ሰከንድ ቀንሱት። ድምፁ አብሮ ከወረደ ጉዳዩ የኩለሩ ነው። ካልወረደ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሥራ ሲከብድ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ሲጥሲጥታ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ወይም ከፓወር ሰፕላዩ ጥቅልል ሽቦዎች ነው። እሱን የትኛውም ኩለር አያጠፋላችሁም።

ምንም ሳትሠሩ ፋኑ ከፍ ዝቅ ይላል

በጣም የተለመደው ችግር ይሄ ነው፤ የሚያበሳጨውም ይሄ ነው። ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ይለምዳል። የሚነሳና የሚወድቅ ድምፅ ግን እንቅልፍ እንደሚነሳ ትንኝ ነው።

ምክንያቱ የኩለሩ ድክመት ላይሆን ይችላል። የዛሬ ፕሮሰሰር አንድ ፋይል ስትከፍቱ እንኳ ለቅጽበት ጉልበቱን ሁሉ ይለቃል። ሙቀቱ ከ45 ወደ 65 ዲግሪ ዘሎ ወዲያው ይመለሳል። የጋለችው ቺፑ ውስጥ ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ከላይ ያለው የኩለር ብረት ገና ወሬውም አልደረሰው። ፋኑ ግን ቁጥሩን አይቶ ይበረግጋል።

መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም። ባዮስ ውስጥ የፋን መቆጣጠሪያውን ክፈቱ። እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ፋኑ አንድ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ይቆይ፤ እኔ 35 በመቶ ላይ ነው የተውኩት። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይውጣ፣ ሙሉ ፍጥነቱን ለ85 ዲግሪና ከዚያ በላይ አቆዩለት። ብዙ ማዘርቦርዶች ፋኑ ከመፍጠኑ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ ማድረግ ይችላሉ፤ 3 ወይም 4 ሰከንድ ስጡት። ፋኑ ባለ 3 ፒን ከሆነ የማዘርቦርዱን መቆጣጠሪያ ከፒደብልዩኤም (ፍጥነቱን በምልክት ከሚያዝ) ወደ ዲሲ (ቮልቴጁን ወደሚቀንስ) ቀይሩት፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ነው የሚዞረው።

ሥራ ሲከብድ መጮህ ይጀምራል

እዚህ ላይ የኩለሩ መጠን ይመጣል። ለምሳሌ ራይዘን 9 7950ኤክስ በአምራቹ መግለጫ 170 ዋት ይላል፤ በተግባር እስከ 230 ዋት ይስባል። ኮር አይ9 14900ኬ እስከ 253 ዋት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሙቀት በአንድ ትንሽ ፋን ለማውጣት ብትሞክሩ፣ ፋኑ ያለው አማራጭ መሮጥ ብቻ ነው።

አንድ ቁጥር ያዙ። የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ስትቀንሱ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ እንደወረደ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዝም ያለ ኩለር ማለት ትልቅ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚዞር ማለት ነው። ሁለት ማማ (የስስ ብረት ቁልል)፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሂት ፓይፕ (ሙቀት የሚያሻግር ቱቦ)፣ ቢቻል የ140 ሚሊ ሜትር ፋን ፈልጉ። ኖክቱዋ ኤንኤች ዲ15 የዚህ ዓይነት ነው፤ ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ነው። ቴርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ባለ 120 ፋን ሲሆን 155 ላይ ይቆማል። የኩለሩ ቁመት የሚያርፈው በኬዙ ስፋት ላይ ነውና የኬዛችሁን ስፋት ሳትለኩ አትግዙ። ራማችሁ ረጅም ከሆነ የፊተኛው ፋን ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ያንንም ቁመቱ ላይ ደምሩት። ትሬድሪፐር (የኤኤምዲ ትልቅ ፕሮሰሰር) ያላችሁ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ሰፊ ገጽ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ኩለር ያስፈልጋችኋል።

ከኩለሩ ጎን ለጎን የዋት ገደቡንም ዝቅ አድርጉ። 7950ኤክስን በኢኮ ሞድ (ጉልበት በሚቆጥብ ቅንብር) ወደ 142 ዋት ስታወርዱት የሬንደር ጊዜው የሚረዝመው በጥቂቱ ነው፤ ጸጥታው ግን ወዲያው ይሰማል። በቀን ስምንት ሰዓት አጠገቡ ለሚቀመጥ ሰው ይህ በጣም ጥሩ ልውውጥ ነው። 7950ኤክስ ሥራ ሲበዛበት 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። ቁጥሩን አይታችሁ ደንግጣችሁ ፋኑን አታስጩሁት።

ትልቅ ኩለር ገጥማችሁም ሙቀቱ አልወረደም

የኩለሩ ሥር ላይ ያለችው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተልጣለች? ብዙ ሰው ይረሳታል። ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አሳላፊ ቅባት) ገጹን በደንብ ካልሸፈነ እንደገና ቀቡት፤ ብሎኖቹንም በመስቀለኛ እያፈራረቃችሁ በእኩል አጥብቁ። ፋኖቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መንፈሳቸውን እዩ። ከዚያ የኬዙን ጎን ከፍታችሁ ያንኑ ሥራ አሠሩት። ሙቀቱ በግልጽ ከወረደ አየር ያጣው ኬዙ ነው፤ ማጣሪያውን አጽዱ ወይም ፊት ለፊት ፋን ጨምሩ።

ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል

የውሃ ኩለር ፓምፕ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ፓምፑ ከሁሉም በላይ ከተቀመጠ አየሩ እዚያው ይሰበሰባል። ራዲያተሩን (ውሃው የሚቀዘቅዝበትን ክፍል) ከፓምፑ በላይ አድርጉት። እኔ ግን ለዓመታት ለሚሠራ ወርክስቴሽን የአየር ኩለር ነው የምመርጠው፤ የሚንቀሳቀስና የሚበላሽ ነገሩ ፋኑ ብቻ ነው።

ዋው ዋው የሚል ሞገድ ወይም ቅጭልጭልታ

ሁለት ፋኖች በትንሹ በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ ድምፃቸው እየተጋጨ ይወዛወዛል። አንዱን በደቂቃ 50 ዙር ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ አድርጉትና አዳምጡ። ቅጭልጭል ካለ ክንፉን የሚነካ ገመድ ፈልጉ። ገመድ ከሌለና ድምፁ ከፋኑ መሃል የሚመጣ ከሆነ ተሸካሚው (ኩሽኔታው) አልቋል። ያን ጊዜ ኩለሩን አትጣሉ፤ የፋኑን መጠን ለክታችሁ ፋኑን ብቻ ቀይሩት።