አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ራም ከመጨመራችሁ በፊት

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ፎቶኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ ዴስክቶፗን አቅፋ መጣች። "ወንድሜ፣ ራም ጨምሬበትም ያው ይንቀራፈፋል" አለችኝ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። መርካቶ ድረስ ሄዳ ባለ 4 ጊጋ ሁለት ራም ገዝታለች። ከፈትኩት። ዊንዶውስ 7 ነው። ስለ ሲስተሙ የሚገልጸው ገጽ 8 ጊጋ ይላል፤ በቅንፍ ግን መጠቀም የሚቻለው 3.25 ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ዝቅ ብሎ ደግሞ "32 ቢት" ይላል። ብሯ የቀለጠው እዚያች መስመር ላይ ነው። አንጀቴን በላችው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ ቢቱን ሳያዩ ራም መግዛት።

ኮምፒውተር ራም ላይ ላለች እያንዳንዷ ባይት የቤት ቁጥር ይሰጣል። ቢት ማለት አንድ ዜሮ ወይም አንድ ነው፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የቤት ቁጥሩን በ32 ቢት ስለሚጽፍ ያለው ቁጥር 4,294,967,296 ብቻ ነው፤ ይህም 4 ጊጋ ነው። ከዚያ ላይ ቪዲዮ ካርዱና ሌሎች ዕቃዎች የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ለራም የሚተርፈው 3 ጊጋ ከምናምን ነው። የቀረው ቁጥር ያልወጣለት ቤት ነው፤ ቆሟል፣ ፖስተኛ ግን አያገኘውም። ኤክስፒም፣ ቪስታም፣ 7ም በ32 ቢት እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው፣ 64 ቢት ከሆነ ገደብ የለም ብሎ ማሰብ። ገደቡ እንደ ዊንዶውሱ ዓይነት ይለያያል። የዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ በ64 ቢትም ከ8 ጊጋ አያልፍም፤ ሆም ፕሪሚየም 16 ላይ ይቆማል። ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱም፣ የራሱ ልክ አለው። ራምም ዓይነት አለው፤ ዲዲአር 2 የሚባለው ዲዲአር 3 ቦታ ላይ አይገባም፤ በግድ አትግፉት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ነው፦ ሳያዘጋጁ ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን ማጽዳት። ከ32 ወደ 64 ቢት በላዩ ላይ ጭኖ ማለፍ አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይላችሁን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ፕሪንተራችሁ የ64 ቢት ድራይቨር (ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንዳለውም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አሮጌ ፕሪንተር ብዙ ጊዜ የለውም።

የጽሕፈት ሥራ የምትሠሩ ደግሞ ፎንቶቻችሁን አትርሱ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በወጡ የአማርኛ ፎንቶች የተተየበ ውል ወይም ማመልከቻ፣ ፎንቱ ከጠፋ "ሀ" የነበረው ሌላ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ጽሑፉ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም። እኔ ዊንዶውሱን ከመንካቴ በፊት የጎረቤቴን የፎንት ፎልደር በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። የአሥር ዓመት የደንበኞቿ ሰነድ ነው እኮ።

አራተኛው፣ "አዲሱ ይሻላል" ብሎ ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫን። 11 በ64 ቢት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። የድሮ ማሽን ይህ የለውም። በሌላ በኩል የዊንዶውስ 7 ድጋፍ፣ ማለትም ማይክሮሶፍት በመደበኛነት የሚልከው የደህንነት ማሻሻያ፣ ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካ አስቡት፤ ቫይረሱ የሚገባው በዚያ ነው።

ታዲያ ይቀየር ወይስ ይቅር? ማሽኑ 2 ጊጋ ብቻ ካለውና ሌላ ካልተጨመረበት 64 ቢት ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ይከብደዋል። 4 ጊጋና ከዚያ በላይ ካለው፣ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል ኮር 2 ዱኦ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ቀይሩት። ገንዘብ ካላችሁ ግን ከራም በፊት ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባውን ፈጣን ማከማቻ፣ ግዙ። ሃርድ ዲስኩ ካረጀ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ለጎረቤቴ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ጫንኩላት። የባንክ ሥራ እንዳትሠራበት፣ ፍላሽ ሁሉ ሳይፈተሽ እንዳይከፈት ነገርኳት። ፎንቶቹን መለስኩ። አንድ የድሮ የኪራይ ውል ከፈትን፤ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሲስተሙ ላይ አሁን 8 ጊጋ ይላል፤ በቅንፍ የሚቀነስ ነገር የለም።