አሮጌ የጦር አውሮፕላን ልታዩ ስትሄዱ እነዚህን አታድርጉ

ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከዳንግላም ልጆች ይደውሉልኛል። «ጋሼ፣ አውሮፕላን ልናይ ልንሄድ ነው፣ ምን ትመክረናለህ?» ይላሉ። ዕድሜዬን አውሮፕላን ስጠግን ስለኖርኩ የሚታየኝ መጀመሪያ ስህተቱ ነው። ስለዚህ ማድረግ የሌለባችሁን ልንገራችሁ።

ሁሉንም ሚግ ማለት

ይሄ ያናድደኛል። ሚግ የሶቪየት ሠራሽ ተዋጊ ጀት ስም ነው፤ ለብዙ ሰው ግን ጅራቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ተዋጊ ጀት ሁሉ ሚግ ነው። አስተማሪው ይላል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፣ በቃ ታሪክ ሆነ። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ኤፍ-5 ፊት ደርድሮ «ሶማሊያን ያሸነፍንበት ሚግ ይሄውላችሁ» ሲል ሰምቻለሁ። መምህርን ልጆቹ ፊት ማሳጣት ነውር ነው። ግን ዝም ማለትም አቃተኝ።

ነገሩ እኮ የተገላቢጦሽ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲወረን ሚግ-21 ይዞ የመጣው ወራሪው ነበር። የእኛ አብራሪዎች አየር ላይ የገጠሙት በአሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 ነው፤ አሸንፈውማል። ከእነሱ አንዱ ለገሰ ተፈራ ነው። የጠላት ሚጎችን ጥሎ፣ በኋላ የራሱ አውሮፕላን ተመትቶ ተማረከ። 11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ታስሮ ኖረ። ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር ነው ሚጎቹ በብዛት የመጡልን። እንግዲህ ኤፍ-5ን ሚግ ስትሉ የዚያን ሰው አውሮፕላን ነጥቃችሁ ለባላጋራው ሰጣችሁት ማለት ነው።

መለየቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። አየር የሚስብበትን አፍ ፈልጉ። ሚግ-21 በአፍንጫው ይስባል፤ ክቡ አፍ መሃል ላይ ሾጣጣ ነገር ተቀምጧል። ኤፍ-5 አፍንጫው ሹል ነው፣ አየር የሚስበው በግራና በቀኝ ጎኑ ነው። ሌላው አሜሪካ ሠራሽ ጀት ኤፍ-86 እንደ ሚግ-21 በአፍንጫው ይስባል፤ አፉ ግን ባዶ ነው፣ ሾጣጣ የለበትም። ሚግ-23 በጎኑ የሚስብ ስለሆነ ከኤፍ-5 ጋር ያምታታችሁ ይሆናል። የእሱን ክንፍ ሥሩ ላይ እዩት፤ እየበረረ ወደ ኋላ የሚሰበስበው ስለሆነ መገጣጠሚያው ይታያል። ይሄን ካወቃችሁ ከብዙ ሰው በልጣችኋል።

ያለ ደብዳቤ መንገድ መጀመር

ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይል ግቢ የጦር ሰፈር ነው። እንደ መናፈሻ ዘው አይባልም። ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ መኪና አትኮናተሩ። ከደብረ ማርቆስ በሌሊት ተነሥተው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ በር ላይ «ማህተሙ የታለ?» የተባሉ ልጆች አውቃለሁ። ሐይቅ አይተው ተመለሱ። ሐይቅማ ጣና ነበረላቸው!

ባሕር ዳር ኤርፖርት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በስልክ መቅረጽም ጉብኝት አይደለም። ተዉት።

መንካት፣ መደገፍ፣ መስቀል

«ብረት አይደል፣ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ሚግ-21 አፍንጫው ላይ ወደ ፊት የወጣ ረጅም ቀጭን ዘንግ አለው። ፒቶ ይባላል። ከፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ይቀበላል፤ አብራሪው ፍጥነቱን የሚያነበው ከዚያ ነው። እሱ ላይ ጃኬቱን የሰቀለ ተማሪ አይቻለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙሽሪት ዓይነ ርግቧን አልብሳው ፎቶ ስትነሣ ደረስኩ። ሚዜዎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ ብቻዬን ስጮህ አስቡት።

የአብራሪው ክፍል ክዳን መስታወት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው። በቀለበትና በእጅ ሰዓት ይጫራል። ውስጡን ለማየት ፊታችሁን አትለጥፉ፤ እጃችሁን ከዓይናችሁ በላይ ጋርዳችሁ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀይ የጨርቅ ሪባን የተንጠለጠለበት ነገር ካገኛችሁ ለማስታወሻ ብላችሁ አትንቀሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ብዙ አውሮፕላኖች ደግሞ የጌጃቸው (የመለኪያ ሰዓታቸው) ቁጥር በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም ተቀብቷል። ራዲየም ጨረር አለው። ብርጭቆው የተሰነጠቀ ጌጅ ካያችሁ ጣት አታስገቡ።

አፍንጫው ሥር ፎቶ ተነሥቶ ወደ መኪና መሮጥ

ጎንበስ በሉ እንጂ! የአውሮፕላን ምሥጢሩ ከታች ነው። ጎማው ታጥፎ የሚገባበትን ጉድጓድ እዩ። ጣት የማያክሉ ቱቦዎች እየተጠማዘዙ ያልፋሉ፤ ሃይድሮሊክ ነው፤ ያን የሚያክል እግር የሚያጥፈው እዚያ ውስጥ የሚገፋ ዘይት ነው። ቆዳው ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ለየት ያለ ልጥፍ ቆርቆሮ ፈልጉ፣ ሪቬቱ (ቆርቆሮ የሚያያይዘው ምስማር) ዙሪያውን የተደረደረበት። አንድ ቀን የሆነ ነገር መትቶት ነበር፣ አንድ ቴክኒሺያንም ሌሊት ቁጭ ብሎ ጠግኖታል። አስጎብኚው ስለ ፍጥነት ብቻ ካወራላችሁ ስለ ልጥፉ ጠይቁት።

«ፀሐይ»ን አይቶ «ይቺው ናት?»

አዎ፣ ይቺው ናት። ትንሽ ናት። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አገር ውስጥ ገብቶ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ የበረረች አውሮፕላን ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ነው የሠራት፤ ስሟም ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ የመጣ ነው። ጣሊያን ወሰዳት፣ ለብዙ ዓመታት ሮም አጠገብ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የአየር ኃይል ሙዚየሙ አቆያት፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አስረከበን። መጠኗን ከቦይንግ ጋር የሚያወዳድር ሰው ምን ይባላል?

በሌላ በኩል ደግሞ «የመጀመሪያው አውሮፕላናችን» እያላችሁ አታጋንኑ። ከእሷ በፊት በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከፈረንሳይ የተገዛ ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ አርፏል። የእሷ ክብር እዚሁ መሠራቷ ነው፤ ይበቃታል።

አዛውንቶችን ቤት ትቶ መሄድ

«አባባ ይደክማቸዋል» ትላላችሁ። አንድ የደጋ ዳሞት ሰው ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ልጁ ወደ አፍንጫው ሲሮጥ እሳቸው በከዘራቸው እየተደገፉ ቀጥ ብለው ክንፉ ሥር ገቡና ወደ ላይ አንጋጠጡ። «እኛ የምናውቀው ሆዱን ነው» አሉ። በጣሊያን ጊዜ ልጅ ሆነው ነጭ ጋቢ ከሰማይ እንዳይታይ ጭቃ እየቀቡ ይለብሱ እንደነበር ነገሩን። የጎጃም አርበኛ ከላይ ቦምብ እየወረደበት ነው የተዋጋው። ንጉሡ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ የገቡት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ይሄን የሚነግራችሁ አስጎብኚ ማግኘት ይከብዳል።

ውጭ አገር ላላችሁ

ለንደን ያለው ዘመዴ ሄንደን ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም ሄዶ የዝነኛውን የእንግሊዝ ተዋጊ የስፒትፋየርን ፎቶ ላከልኝ። ፊያቱን አየኸው ስለው «የቱን?» አለኝ። እዚያ ሙዚየም ፊያት ሲአር-42 የሚባል ባለ ድርብ ክንፍ የጣሊያን ተዋጊ አለ፤ በዚያው በ1933 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በግድ ያረፈ። የእሱ ወንድሞች በዚያን ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ይዋጉ ነበር። ዝነኛውን ብቻ አትፈልጉ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ኡድቫር-ሃዚ የሚባለው የአውሮፕላን ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፣ መኪና ማቆሚያው 15 ዶላር ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ማቆሚያውም ነፃ ይሆናል ብላችሁ የምትጠብቁ አላችሁ። ሙዚየሙ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የስለላ አውሮፕላኑን ኤስአር-71 ብላክበርድን ብቻ ዞራችሁ ሳትጨርሱ ያስወጧችኋል። ክፈሉና ጠዋት ግቡ።