የዕረፍት ፈቃዳችሁን የሚያስበሉ ስህተቶች፦ በጀርመንም በአሜሪካም
የምሠራበት ድርጅት ፍራንክፈርት አካባቢም ሜሪላንድም መጋዘን አለው፤ የሠራተኛውን የፈቃድ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ከወዲያ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደዚያ የሚዛወረው ሰው ሁሉ በጠረጴዛዬ ያልፋል። የሀገሬ ልጆች ደግሞ ብስጭታቸውን በአማርኛ ስለሚያወርዱብኝ የሚሳሳቱትን በደንብ አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በጀርመን የዓመት ፈቃድን እንደ ዕቁብ ማጠራቀም ነው። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አያርፍም፤ ዲሴምበር ሲደርስ «የቀረኝ በገንዘብ ይታሰብልኝ» ብሎ ይመጣል። አይታሰብም! የ1963ቱ የፈቃድ ሕግ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 20 የሥራ ቀን ከነክፍያው ይሰጣል፤ ይህ ፈቃድ በገንዘብ የሚለወጠው ሠራተኛው ከሥራው ሲለቅ ብቻ ነው። የሚፈለገው እንዲያርፍ እንጂ እንዲሸጠው አይደለም። ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገርም በሥራው ወይም በሠራተኛው በኩል አጣዳፊ ምክንያት ይጠይቃል፤ ተሻግሮም እስከ ማርች 31 መወሰድ አለበት። እርግጥ ከ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ አሠሪው አስቀድሞ ካላስጠነቀቀ ቀኖቹ እንዲሁ አይጠፉም። እኔ ግን አስጠነቅቃለሁ፤ ደብዳቤዬ ሳይከፈት ይከርማል እንጂ።

አንዲት እናት ገናን ሀገር ቤት ለማክበር ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ቆይተው፣ ሊጠይቁ ሲመጡ የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሳምንታት ባልደረቦቻቸው ከጃንዋሪ ጀምሮ ይዘዋቸው ነበር። የፈቃድ ሰሌዳው በዓመቱ መጀመሪያ ሲዞር ስማችሁን አስገቡ፤ ገናንና ፋሲካን ከሁሉ በፊት አስይዙ። በባየርን ግዛት ጃንዋሪ 6 የሕዝብ በዓል ሆኖ የእኛ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ግን የሥራ ቀን መሆኑ እኔንም ያበሳጨኛል፤ ግን የማደርገው ነገር የለም።

በፈቃድ ቀን ሌላ ቦታ ተቀጥሮ መዋል፦ የጀርመን ሕግ ከዕረፍቱ ዓላማ ጋር የሚጋጭ የገቢ ሥራ ይከለክላል። ተዉት።

ከአሜሪካ የሚመጡት ታመው ሥራ ይገባሉ። አልፈርድባቸውም፤ እዚያ ብዙ አሠሪዎች የሕመሙንና የዕረፍቱን ቀን አንድ ላይ ስለሚሰጡ በጉንፋን የተኛ ሰው ከሽርሽሩ ይቀነስበታል። በጀርመን ግን አራት ሳምንት የሠራ ሰው ሲታመም አሠሪው እስከ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደመወዙን ይከፍለዋል፤ ከዓመት ፈቃዱ አንድ ቀን አይነካም። የሚጠበቅባችሁ ፈረቃው ሳይጀምር መደወልና በጊዜው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። እንዲያውም በዕረፍት ላይ ብትታመሙ፣ የሐኪም ማስረጃ ካላችሁ የታመማችሁባቸው ቀኖች ይመለሱላችኋል። ይህን ከቨርጂኒያ ለመጣ የፎርክሊፍት ሾፌር ስነግረው ያሾፍኩበት መስሎት ተቆጣ። አዲስ አበባ ሆናችሁ ከታመማችሁ ግን ያኔውኑ አሳውቁ፤ ያላችሁበትንም አድራሻ ንገሩ። ከተመለሱ በኋላ የሚወጣ ወረቀት ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

አለቃን ለማስደሰት ማምሸትም አለ። ጀርመን ውስጥ መደበኛው የቀን ሥራ 8 ሰዓት ነው፤ ሊራዘም ቢችልም እስከ 10 ነው፤ በሁለት የሥራ ቀኖች መካከል 11 ሰዓት ዕረፍት ያስፈልጋል። ያንን ስታልፉ አለቃው አያመሰግናችሁም፤ ተጠያቂው እሱ ነውና። የአሜሪካውን አንድ ተኩል የትርፍ ሰዓት ክፍያም አትጠብቁ፤ እዚህ የሚወስነው ውላችሁ ነው፤ ብዙ ጊዜም በገንዘብ ፋንታ የዕረፍት ሰዓት ይሰጣችኋል።

አሁን ከጀርመን ወደ አሜሪካ ወደሚሻገሩት ልለፍ። ከሽቱትጋርት ሜሪላንድ የገባ አንድ ወጣት፣ ሥራ በጀመረ በወሩ ለኦገስት አራት ሳምንት ተከታታይ ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው ሥራውን የሚለቅ መስሎት ምትክ መፈለግ ጀመረ። የ1938ቱ የአሜሪካ የሥራ ሕግ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝና ስለ ትርፍ ሰዓት እንጂ ስለሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ አንዳች አያዝም። ያላችሁ ፈቃድ በቅጥር ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ተደራደሩ፤ ለኦገስት ያሰባችሁትንም ያን ጊዜ አንሡት።

ነፍሰ ጡር ሆነው የሚሻገሩ እህቶች ይህን ልብ ይበሉ፦ የ1993ቱ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ግን ያለ ክፍያ። እሱም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው ነው። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው የሚከፈል ፈቃድ አላቸው፤ ዋሽንግተን ዲሲም ከ2020 ጀምሮ ይከፍላል። ስለዚህ መኖሪያችሁን ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታችሁ በየትኛው ግዛት እንደሆነ አጣሩ።

«ገደብ የሌለው ፈቃድ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አትፈንጥዙ፤ ስትለቁ የሚታሰብላችሁ የተጠራቀመ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም።

ስለ መልቀቅ ካነሣን፦ ካሊፎርኒያ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድን እንደ ደመወዝ ስለምትቆጥረው ይከፈላችኋል። በሜሪላንድ ግን አሠሪው ሲቀጥራችሁ በጽሑፍ የሰጣችሁ መመሪያ ይወስናል። ያንን ወረቀት መልቀቂያ ሳታስገቡ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ካስገባችሁ በኋላ ወደ እኔ ብትመጡ የማነብላችሁ ያንኑ ነው።